እናቴ የማትገባበት ቅጽ

ማትሪክ የተፈተነው የኛ ትውልድ የዩኒቨርሲቲ መግቢያን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ውጤት ይመጣል፣ መቁረጫ ነጥብ ይወጣል፣ ያለፈ ያልፋል፣ የወደቀ ይወድቃል። ላለፈው ደግሞ፣ ወጪ መጋራት የሚባለው ነገር በ1996 ዓ.ም. እስኪመጣ ድረስ፣ ዶርሙም ካፌውም በመንግሥት ነበር። ጨካኝ ነበር፤ ግን ግልጽ ነበር። አሜሪካ ልጅ ያሳደግን ሰዎች መግባትና መክፈል ሁለት የተለያዩ በሮች መሆናቸው የሚገባን ልጃችን 12ኛ ክፍል ስትደርስ ነው። እልልታው የሚቀልጠው ደግሞ የመጀመሪያው በር ሲከፈት ነው።

“ስኮላርሺፕ” የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። እኛ ዘንድ የጎበዝ ሽልማት ነው። አይቪ ሊግ የሚባሉት 8ቱ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ለጉብዝና ብለው የሚሰጡት ገንዘብ የላቸውም፤ የሚሰጡት የቤተሰቡን አቅም አይተው ነው። ስለዚህ “ልጄ እዚያ ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘች” ማለት ጎበዝ ናት ብቻ ሳይሆን የቤታችን ገቢ ዝቅተኛ ነው ማለትም ነው። ይህን ሁለተኛውን ክፍል በቤተ ክርስቲያን ግቢ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

አቅም የሚለካው በቅጽ ነው። ፋፍሳ የሚባለው የመንግሥት ቅጽ የሁለት ዓመት በፊቱን ግብር ያያል፤ በምትሞሉበት ቀን ባንክ ያለውን ገንዘብም ይጠይቃል። ብዙ የግል ኮሌጆች ደግሞ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሌላ ቅጽ ይጨምራሉ፤ እሱ የምትኖሩበትን ቤት ዋጋ ሳይቀር ይጠይቃል። እኔ የቆምኩት ግን “ቤተሰባችሁ ስንት ሰው ነው?” የሚለው ላይ ነው። የሚቆጠረው አብሯችሁ የሚኖርና ከግማሽ በላይ የምትረዱት ሰው ነው። እናቴ ደሴ ናት። የቤት ኪራይዋን፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒቷን፣ የሠራተኛዋን ደመወዝ የምከፍለው እኔ ነኝ። አብራን ስለማትኖር በቅጹ ላይ የለችም። በየወሩ ከደመወዜ የሚወጣው ገንዘብ እጄ ላይ እንዳለ ተደርጎ ይሰላል።

እንዳጋጣሚ ደግሞ በዚያው ሳምንት ዕቁብ ደረሰኝ፤ 12,000 ዶላር። ቅጹ ቁጠባ ይለዋል። ዕቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው ባለዕዳ መሆኑን ለማን ታስረዳላችሁ? እውነቱን ለመናገር ጉዳቱ ትልቅ አይደለም፤ ከወላጅ ቁጠባ የሚቆጥሩት ከ100 ብር 6 ብር እንኳ አይሞላም። ያናደደኝ ገንዘቡ ሳይሆን፣ እኛ ተዛዝለን የምንኖርበት መንገድ ሁሉ ለቅጹ ስም የሌለው መሆኑ ነው። ሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ ኮሌጅ ላለው ቤተሰብ የነበረው ማካፈልም ከ2024–25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ቀርቷል። ወንድሟ ከኋላዋ በሁለት ዓመት ይከተላል።

መጋቢት ላይ ደብዳቤዎቹ መጡ። ስሙ የሚያስደነግጠው የግል ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። የዓመቱ ወጪ 91,000 ዶላር፤ “ሽልማትሽ” ብለው የጻፉት 70,000። አለቀስኩ። ማታ ላይ ልጄ መስመር በመስመር አነበበችልኝ። ከ70,000ው ውስጥ 5,500ው በስሟ የሚወሰድ የፌዴራል ብድር ነው፤ 2,500ው ግቢ ውስጥ ሠርታ የምታገኘው። እርዳታው 62,000 ነው፤ ከኪሳችን 21,000 ይቀራል፣ በየዓመቱ። ብድር ሽልማት ተብሎ ሲጻፍ ያየሁት ያኔ ነው። የግዛታችን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖላት፣ ከማደሪያና ከምግቡ የሚቀረን 9,000 ሆነ።

መርካቶ አንድ ኪሎ ቡና ላይ ግማሽ ሰዓት የምንከራከር ሰዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ሲመጣ እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ አጎንብሰን እንቀበላለን። ይግባኝ ይቻላል። የልጄ የትምህርት ቤት አማካሪ ነች የነገረችን። የሦስት ዓመት የሐዋላ ደረሰኝ ሰበሰብን፤ ከደሴ የመጣውን የሐኪም ወረቀት ልጄ ቁጭ ብላ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ደረሰኞቹን ስትደምር ቆም አለችና፣

“ማሚ፣ ይሄን ሁሉ ለእማማ ትልኪያለሽ?” አለች።

“እና ማን ይላክላት?”

ዝም ብላ መደመሯን ቀጠለች። እኔ ለ17 ዓመት የደበቅኳት ነገር አልነበረም፤ ግን ቁጥር ሆኖ አይታው አታውቅም።

መልሱ በ10 ቀን መጣ፤ 4,000 ጨመሩ። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ክፉ አልልም። 17,000 ግን ይቀራል። ባለቤቴ በወላጅ ስም ብድር እንውሰድ አለ፤ “ስም እኮ ነው በር የሚከፍተው” ይላል። አንዳንድ ዘመዶቻችንም እንደዚያው። የማይረባ ክርክር አይደለም፤ ግን ለአራት ዓመት 68,000 ነው፣ እሱም ዋጋው ባይጨምር። እኔ 51 ዓመቴ ነው፤ ባለቤቴ ሌሊት ነው የሚሠራው። በዚህ ላይ የወንድሟ ተራ አለ። “ለእናትሽ የምትልኪውን ትንሽ ብትቀንሺስ?” ያለኝም ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ቡና አልጠራሁትም።

ሚያዝያ 21፣ የመወሰኛው ቀን ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ልጄ ስልኳን አምጥታ አሳየችኝ። የግዛቱን ዩኒቨርሲቲ ቦታ ማስያዣ ከፍላለች፣ በራሷ ካርድ። ማታውን ክፍሏ ዘግታ ዋለች፤ ራት ግን ወጥታ በላች። ነርሲንግ ነው የያዘችው፤ የመጀመሪያ ሴሚስተር ኬሚስትሪ አስጨንቋታል።

ወንድሟ አሁን 11ኛ ክፍል ነው። አብዛኛው ኮሌጅ ድረ ገጹ ላይ የወጪ ማስያ እንዲኖረው በሕግ ይገደዳል፤ ሳያመለክቱ በፊት ግምቱን ያሳያል። ባለፈው እሑድ አስቀምጬው የአምስቱን ኮሌጅ አስሞላሁት። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ “ማሚ፣ ጨዋታው ሊጀምር ነው” ብሎ ተነሣ።