ስለ ሱፍና ስለ ስልጆ፤ ማዕድ ማሳን ስለ መጠበቁ

ጾም በደረሰ ቁጥር ከሱቅ የሚገዙት ማባያዎች እየበዙ፥ በቤት የሚሰናዱት ግን እያነሱ መሄዳቸውን ስመለከት፥ አንድ ነገር ጽፌ ላካፍላችሁ ካሰብሁ ሰንብቻለሁ። ነገሩ ስለ ስልጆ ነው፤ ከሱፍ ፍሬና ከባቄላ ዱቄት ተሠርቶ፥ በሰናፍጭ ኃይል አግኝቶ፥ የወተት ጠብታ ሳይነካው የወተትን ልስላሴ ይዞ ስለሚገኘው፥ እንጀራም እየተጠቀሰ ስለሚበላበት ስለዚያ ጥንታዊ የጾም ማባያ። ስለ አንድ ማባያ ይህን ያህል መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ ከመጠን ያለፈ ቢመስለው አልፈርድበትም፤ እኔ ግን በስልጆ ማሰሮ ውስጥ የሚጠበቀው ጣዕም ብቻ ሳይሆን የምድራችን ዘርም ጭምር እንደ ሆነ ስለማምን፥ ሐሳቤን ከነምክንያቱ ለመግለጽ እወዳለሁ።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 7 የዐዋጅ አጽዋማት እንዳሏት የታወቀ ነው። ከእነዚህም ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን የሚፈጅ ሲሆን፥ ጾመ ነቢያት፥ ጾመ ሐዋርያት፥ ጾመ ፍልሰታ፥ ጾመ ነነዌና ጾመ ገሃድ በየጊዜያቸው ሲጨመሩ፥ የረቡዕና የዓርብም ጾም ሲታሰብ፥ ሥርዓቱን የሚጠብቅ ምእመን የዓመቱን ግማሽ ያህል ከጥሉላት ተከልክሎ ያሳልፋል። እንግዲህ ቅቤና አይብ፥ ወተትና እርጎ ለዚህን ያህል ጊዜ ከማዕድ ሲርቁ፥ ሥጋ ለባሽ የሆነ ሰው፥ ይልቁንም ከንጋት እስከ ምሽት ከሞፈርና ከቀንበር የማይለይ ገበሬ፥ ጉልበት የሚሆነውን ቅባት ከየት ያገኛል የሚለው ጥያቄ መልስ የሚሻ ነበርና፥ ባለሙያ እናቶቻችን መልሱን ከአዝርዕት አገኙት። ጥንተ መገኛው ይህችው አገራችን የሆነው ኑግ፥ ምጣድ ላይ የሚንጫጫው ተልባ፥ የቆላው ሰሊጥ፥ የወይና ደጋው ሱፍ፥ ሁሉም በየጠባያቸው ተመርምረው፥ የትኛው ታምሶ እንደሚወቀጥ፥ የትኛው ተቀቅሎ እንደሚጠለል፥ የትኛውም ከምን ጋር እንደሚስማማ በልምድ ተለየ። ክልከላው ጥበብን ወለደ ብንል ከእውነት አንርቅም።

የሱፍ ፍሬ ከውጭ ሲያዩት ነጭና ደንዳና ቅርፊት ያለው ደረቅ ነገር ነው፤ በውስጡ ግን ከክብደቱ ሲሶ የሚያህል፥ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ዘይት ታምቆ ይኖራል። ይህም ዘይት በዓይን በማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ተከፋፍሎ፥ እያንዳንዱ ነጠብጣብ በስስ የፕሮቲን ሽፋን ተጠቅልሎ የተቀመጠ ነው። ፍሬው ተፈጭቶ ከውሃ ጋር በተገናኘ ጊዜ፥ ነጠብጣቦቹ ሽፋናቸውን እንደ ለበሱ በውሃው ውስጥ ስለሚበተኑ፥ በጠባያቸው የማይስማሙት ዘይትና ውሃ ያን ጊዜ አብረው ያድራሉ፤ ብርሃንም በነጠብጣቦቹ ላይ እየተበተነ ፈሳሹን አንጥቶ ያሳየዋል። የላም ወተት የሚነጣውም በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነውና፥ የሱፍ ውሃ ወተትን መምሰሉ የአጋጣሚ ነገር አይደለም።

አሠራሩን በቅርብ ለማያውቁት ልግለጽ። 2 ኩባያ ሱፍ ተለቅሞና ታጥቦ፥ ጥሬ ጥሬ ማለቱን እንዲተው 15 ደቂቃ ያህል ከተቀቀለ በኋላ፥ የተቀቀለበት ውሃ ይደፋና ፍሬው በሙቀጫ ይወቀጣል፥ ወይም ዛሬ በብዙ ቤት በሚገኘው የኤሌክትሪክ መፍጫ ከ5 ኩባያ ንጹሕ ውሃ ጋር ይፈጫል፤ ከዚያም በስስ ጨርቅ ይጠለላል። ትዕግሥት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ጨርቁ በሁለት እጅ ተይዞ ሲጠመዘዝ፥ በመጀመሪያ ወፍራሙ ነጭ ፈሳሽ በጣቶች መካከል እየተንዠቀዠቀ ይወርዳል፥ ቀጥሎም እየቀጠነ ይሄዳል፤ ይሁን እንጂ ብልህ ሴት በዚህ አታበቃም፤ ገለባውን ወደ ሳሕኑ መልሳ፥ ከወረደው ፈሳሽ ጥቂት አፍስሳበት፥ እንደ ገና አሽታ ትጨምቀዋለች። ባልትና ያስተማሩኝ እናት በዚህ ሰዓት ከጎኔ ቆመው «ልጄ፥ ገለባው እጅሽን ካወዛ ሱፉ ገና አልወጣም» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ከዚህ የተሻለ መለኪያ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

የተጠለለው የሱፍ ውሃ በድስት ተጥዶ ለብ ሲል፥ 1 ኩባያ ያህል ተቆልቶ፥ ተከክቶና ልሞ የተፈጨ የባቄላ ዱቄት በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ቀስ በቀስ ይጨመርበታል፤ ማማሰያውም ያለ ዕረፍት ይዞራል፤ ካረፈ ዱቄቱ ይጓጉላል፥ ሥሩም ያርራል። በመጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይንተከተክ የነበረው እየከበደ ሄዶ፥ 20 ደቂቃ ያህል ሲሞላው በዝግታ ቡፍ ቡፍ ማለት ይጀምራል፤ በማማሰያ የተሰነጠቀው መስመርም ወዲያው ሳይገጥም ይቆያል። ያን ጊዜ ጨው ተደርጎበት ከእሳት ይወርዳል፥ ፈጽሞ እስኪበርድም ይተዋል።

መብረዱ ምክንያት አለው። የሰናፍጭ ፍሬ ደቅቆ ውሃ ሲያገኘው ያን አፍንጫ የሚወጋ ኃይሉን የሚያወጣው በውስጡ ባለ ኢንዛይም አማካይነት ነውና፥ ኢንዛይሙም በብርቱ ሙቀት ስለሚጠፋ፥ በትኩስ ድስት ውስጥ የተጨመረ ሰናፍጭ ኃይሉን ያጣል። አያቶቻችን የኢንዛይምን ስም ሳይሰሙ ሥራውን ጠንቅቀው ያውቁ ነበርና፥ የድስቱን መብረድ በእጃቸው ዳስሰው ሳያረጋግጡ ሰናፍጩን አይነኩም ነበር። እንግዲህ የተፈጨው ሰናፍጭ፥ ከተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፥ ከዝንጅብልና ከጤና አዳም ጋር ተጨምሮ ከተዋሐደ በኋላ፥ በንጹሕ ማሰሮ ወይም በመስታወት ዕቃ ተከድኖ እንደ አገሩ ሙቀት ከ3 እስከ 5 ቀን ይቀመጣል። በእነዚህ ቀናት፥ እርጎን ከሚያረጉት ጋር የሚዛመዱ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ሥራቸውን ይሠራሉ፤ አሲዱ እያየለ ሲሄድ ማባያው ይኮመጥጣል፥ ምግብ የሚያበላሹትም ተሕዋስያን እንደ ልባቸው እንዳይበዙ ይገታሉ፤ ሰናፍጩና ነጭ ሽንኩርቱም በዚህ ያግዛሉ። ጊዜው ደርሶ ክዳኑ ሲነሣ፥ የባቄላው ሽታ ለስላሳ ለሆነ ኮምጣጣነት ስፍራውን ለቅቆ፥ የጤና አዳሙ መዓዛ ቀድሞ ይቀበላችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልሂድ። ሱፍ በአገራችን ብዙ ጊዜ ለብቻው ሰፊ ማሳ የሚሰጠው ሰብል አይደለም፤ በጤፍ ወይም በስንዴ ማሳ ዳር ዳሩን ይዘራል፥ ወይም ከእነርሱ ጋር ተሰባጥሮ ይበቅላል፤ እሾሁም ከብት እንዳይደፍር ይከላከላል። የዕፀዋት ሊቁ ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ካርታመስ ቲንክቶሪየስ ብሎ የመዘገበው ይህ ተክል፥ ከአበባው ቢጫና ቀይ ቀለም ስለሚወጣ በጥንታዊት ግብፅ ለጨርቅ ማቅለሚያነት የታወቀ ነበር፤ በዛሬው የዓለም ገበያ ግን ከአኩሪ አተርና ከፓልም ዘይት ጋር ተወዳድሮ የሚያሸንፍ አይደለም። ታዲያ ገበሬያችን ሱፍን ከማሳው ዳር የሚያኖረው ስለ ምንድን ነው? ከሌላው ምክንያት ሁሉ ይልቅ፥ ጾም ሲገባ ሱፍን የሚሻ ማዕድ በየቤቱ ስላለ ነው እላለሁ። ማዕዱ የተወውን ገበያው ይተወዋል፤ ገበያው የተወውንም ማሳው ይተወዋል።

ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. አገራችንን ተዘዋውሮ ካየ በኋላ፥ ኢትዮጵያ የሰው ልጅ ከሚያለማቸው አዝርዕት ጥንተ መገኛዎች አንዷ መሆኗን በጽሑፎቹ አስታውቋል። በ1976 እ.ኤ.አ. የዕፀዋት ጀነቲክ ሀብት ማዕከል በአዲስ አበባ ሲቋቋም ደግሞ፥ ይህ ሀብት በቀዝቃዛ ክፍል ተጠብቆ የሚኖርበት መንገድ ተከፈተ። ይሁን እንጂ ማዕከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፥ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ እንደማይጠበቅ፥ በገበሬው እጅ እየተመረጠና በማሳው እየተዘራ ሊኖር እንደሚገባው አጥብቀው አስተምረው፥ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። እኔም የእርሳቸውን ትምህርት ይዤ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ፥ እስከ ማድ ቤት ድረስ ልዘልቅበት እወዳለሁ፤ ማሳው ለዘሩ መጠበቂያ እንደ ሆነው ሁሉ፥ ለማሳው መጠበቂያው ማድ ቤቱ ነውና።

በዚህ ስፍራ ከመንፈሳውያን ወገኖች አንዱ፥ «ጾም ሥጋን ለነፍስ የምናስገዛበት ሆኖ ሳለ፥ ለጾም ማባያ ይህን ያህል መራቀቅ የጾሙን መንፈስ አይቃረንምን? ወተት የሚመስል ነገር እየፈለጉ ከወተት መከልከልስ ምን ረብ አለው?» ብሎ ቢጠይቀኝ፥ ጥያቄውን በአክብሮት እቀበላለሁ። ስልጆ ግን ፍትወትን ለማባበል የተሰናዳ መብል አይደለም። የሚሠራው ገበሬ ከማሳው ከሚያገኘው ሱፍና ባቄላ ነው፤ የሠራው ሰውም ቀምሶ ለመርካት ቀናት መጠበቅ አለበት፥ ፍትወት ደግሞ እንዲህ ያለውን መጠበቅ አይወድም። ከሁሉም በላይ፥ ለአንድ ሰው ተብሎ የሚጣድ ስልጆ የለም፤ አንድ ጊዜ ሲሠራ ለቤተ ሰቡ በቅቶ፥ በጣሳ እየተቀዳ ለጎረቤትና ለአቅመ ደካማ ይሰደዳል። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ የተወደደውን ጾም እንጀራን ለተራበ ከማካፈል ጋር አስተሳስሮ ከገለጠው፥ ለመካፈል የሚመች ማባያ ከጾሙ ሥርዓት ጋር ይተባበራል እንጂ አይጣላም። ይልቁንስ ሊያሳስበን የሚገባው፥ ከሩቅ አገር ታሽጎ በውድ ዋጋ የሚሸጠው የጾም ክሬም፥ ለመግዛት ለቻለው ብቻ ጾምን የሚያቀል፥ ላልቻለው ግን የማይደርስ መሆኑ ነው።

በባዕድ አገር የምትኖሩ ወገኖቼ ሱፍ በቀላሉ እንደማታገኙ አውቃለሁ። ብዙዎቻችሁ በምትኩ የምትጠቀሙበት የሱፍ አበባ ፍሬ መነሻው ሰሜን አሜሪካ ቢሆንም፥ ከሱፍ ጋር በአንድ ቤተ ሰብ የሚቆጠር ተክል ነው፤ ቅርፊቱ ተልጦ ስለሚሸጥም መጥለሉ አያደክምም። በእስራኤል ያላችሁ ደግሞ፥ የሁመራ ሰሊጥ በዚያ አገር ጣሒና የተባለውን የሰሊጥ ማባያ በሚሠሩት ዘንድ እጅግ የተመሰገነ መሆኑን ሳትሰሙ አልቀራችሁም፤ ያገራችን ፍሬ በሌላው ሕዝብ ማዕድ እንዲህ ከከበረ፥ በራሳችን ማዕድ ሊናቅ አይገባውም። ቀናት ለመጠበቅ ጊዜ ያነሰው ሰውም ቢሆን፥ የሱፍን ውሃ በሎሚ፥ በዝንጅብልና በተከተፈ ቃሪያ አጣፍጦ እንጀራ ሊፈተፍትበት፥ ወይም ታምሶ የደቀቀ ተልባ በውሃ በጥብጦ ራሱ እስኪወፍር ጥቂት ሊታገሠው ይችላል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ከባድ ነገር አይደለም። እናቶቻችሁና አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ከጎናቸው ቆማችሁ ስልጆ ሥሩ፤ «በዓይን ገምቺው» የሚሉትንም መጠን በኩባያ እየለካችሁ ጻፉት። የሚቀጥለው ጾም ከመግባቱም በፊት ወደ እህል ነጋዴው ሄዳችሁ ሱፍ አለህ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ የለኝም ቢላችሁ እንኳ በሌላ ቀን ተመልሳችሁ ጠይቁ፤ ነጋዴ የሚያመጣው የሚጠየቀውን ነው፥ ገበሬም የሚዘራው ነጋዴ የሚገዛውን ነውና።