ሠላሳ ደቂቃ

አክስቴ የምትኖረው ጪጩ ነው፤ ከዲላ ብዙም ሳይርቅ፣ ቡናና እንሰት በአንድ ጓሮ ተቃቅፈው በሚያድጉበት አገር። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ከምዕራብ ጉጂ የተፈናቀለው ወገን የጌዴኦን ትምህርት ቤቶችና የየዘመዱን ቤት ሲሞላ፣ እሷም ዘንድ አሥራ አንድ ሰው ተጠግቶ ነበር።

እኔ ከአዲስ አበባ የሄድሁት ውሃ አጋር ይዤ ነው። የተማረ ሰው ስጦታ! ምንጩ በዝናብ ደፍርሶ፣ የጀሪካኑ ውሃ የሻይ መልክ ይዟል። በክዳኑ ለክቼ ጨመርሁ፤ ነቀነቅሁ፤ «በሉ ጠጡ» አልሁ። አክስቴ አሽትታ ፊቷን አዞረች።

«በረኪና እኮ ነው ልጄ! በረኪና ልታጠጣን ነው?»

አዋቂዎቹ ወደ ቡናቸው ተመለሱ። ከእንግዶቹ ጋር የመጣው የሁለት ዓመት ሕፃን ግን ውሃ ጠምቶታል፤ ብርጭቆውን በእጄ ያዝሁለት።

በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ጣለው። ዐይኖቹ ጎደጎዱ፤ ሲያለቅስ እንባ አልነበረውም። ኦ.አር.ኤስ. በማንኪያ በማንኪያ ሲሰጠው አድሮ ነፍሱ ተመለሰች። ከእኔ ብርጭቆ ይሁን ከሌላ፣ ያን ያህል ሰው በተጨናነቀበት ቤት ማን ያውቃል? በዚያች ሌሊት ማንም አልወቀሰኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ያነበብሁት ኋላ ነው። ክሎሪን ደካማ አይደለም፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚፈጥረው አሲድ የቫይረሱን የፕሮቲን ልባስ ሰብሮ ውስጡን ያበላሻል። ሕፃናትን በተቅማጥ የሚጥለውን ሮታን፣ ፖሊዮንም፣ ጉበት የሚያጠቃውን ሄፓታይተስ ኤንም ያመክናል። ነገር ግን አይመርጥም። ጭቃውንም የበሰበሰውንም ቅጠል እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋል፤ ጉልበቱ እዚያው ያልቃል። ከሚሊ ሜትር አንድ አሥር ሺኛ የማይበልጠው ቫይረስ ደግሞ በደለል ቅንጣት ተከልሎ ያመልጣል። ጊዜም ይሻል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ፣ ቢያንስ ሠላሳ ደቂቃ ከቆየ በኋላ በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ነጻ ክሎሪን ይትረፍ የሚል ነው። እኔ ሦስት ደቂቃ እንኳ አልጠበቅሁም። በልቤ ኋላ ቀር ያልኋት አክስቴ የጠጣችው ግን የተንተከተከ ቡና ነበር፤ እንዲያ በፈላ ውሃ ውስጥ ቫይረስ አይተርፍም።

በዓመቱ ስመለስ ውሃ አጋሩን መደርደሪያዋ ላይ አገኘሁት። ውሃውን አስቀምጣ አጠለለች፤ የላዩን በአራት በታጠፈ ነጠላ አጣራች፤ በክዳኑ ለክታ ጨመረችና ቡናዋን ልትቆላ ተቀመጠች። ብርጭቆ ይዤ ወደ ጀሪካኑ ስጠጋ ቀና አለች።

«ገና ነው፤ አቦሉ ይውረድ።»