የታችኛው አንጀት ደም መፍሰስ፦ ከአንድ የተረኝነት ሌሊት

የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ሳለሁ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ፣ በኪራይ ቤት እኖር ነበር። በአንድ የተረኝነት ሌሊት ከዚያው ከላፍቶ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት መጡ። በወገባቸው የጠመጠሙት ጋቢ በደም ርሷል። ልጃቸው፣ «ኪንታሮት ነው ይላሉ፤ ከዓመት በላይ ደብቀውናል» አለኝ።

ኪንታሮት በአገራችን ከፊንጢጣ ለሚወጣ ደም ሁሉ መጠሪያ ሆኗል፤ የአንጀት ካንሰር እንኳ በዚሁ ስም ተሸፍኖ ይከርማል። ስለዚህ ቃላቸውን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

በሁለቱም ክንዳቸው ፈሳሽ ሰጠን፤ ደም አስመጣን። ምንጩ ከላይ እንዳይሆን በአፍንጫቸው ወደ ጨጓራ ቱቦ አስገባን፤ የወጣው ደም የሌለበት፣ ሐሞት የቀላቀለ ፈሳሽ ነበር። የታችኛው አንጀት ደም ከአሥር ታካሚዎች በስምንቱ ገደማ በራሱ ይቆማል። የእርሳቸው አልቆመም፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ኮሎኖስኮፒ የሚሠራልን አልነበረም።

የሚደማው ሥፍራ ሳይታወቅ ከትልቁ አንጀት አንዱን ክፍል በግምት ቆርጦ ማውጣት አይመከርም፤ ደሙ ከቀረው ክፍል ዳግም ሊፈስ ይችላልና። ምንጩ ጠፍቶ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ የመጨረሻው አማራጭ ትልቁን አንጀት በሞላ ጎደል ማውጣት ነው። ለአረጋዊ ሰው ይህ ከባድ ነው፤ ብዙዎች አይተርፉም፣ የተረፉትም ከተደጋጋሚ ተቅማጥ ጋር ይኖራሉ። አራተኛው ከረጢት ደም ሲሰቀል ልጃቸውን ለዚሁ አስፈረምኩ።

አለቃዬ በስልክ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ፊንጢጣቸውን በመሣሪያ አይተኸዋል?»

በጣት መርምሬ ነበር፤ በፕሮክቶስኮፕ ግን አላየሁም። ይህን ያህል ደም ከኪንታሮት ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ሳስተምር ይህንኑ ምርመራ እንዳይዘነጉ እነግራቸው ነበር።)

በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛው ላይ፣ ሆዳቸውን ከመክፈታችን በፊት፣ ደሙን እየመጠጥን አየን። ከፊንጢጣው ጠርዝ ጥቂት ከፍ ብሎ ካበጠ የኪንታሮት ሥር ደም ይፈነጥቅ ነበር። በሁለት ስፌት ቆመ። ከሳምንት በኋላ በተደረገላቸው ኮሎኖስኮፒም የቀረው አንጀት ደኅና ሆኖ ተገኘ።

ከወራት በኋላ ላፍቶ ገበያ አገኙኝና እጄን ይዘው ሳቁ። «ዶክተር ልጄ፣ ኪንታሮት ነው ብያችሁ አልነበረም?» አሉኝ።