ከመነሣቱ በፊት

ባለፈው እሑድ ጠዋት ስብከቴን ላትም የቤተ ክርስቲያኑን ቢሮ ኮምፒውተር ሳበራው ደጋግሞ ጮኸ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነበር። የሚዲያ አገልጋያችን፣ “ፓስተር፣ ዊንዶውስን ከመክፈቱ በፊት ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ግራፊክስ ካርዱን ይፈትሻል። ከባድ ጉድለት ካገኘ አያልፍም። ስክሪኑ ገና ስላልሠራ በድምፅ ይናገራል” አለኝ። አጥፍቶ ራሙን ነቀለና ጫፉን በላጲስ ጠርጎ መለሰው። አንዴ ጮኸና ተነሣ።

ወገኖቼ፣ ያን ጠዋት ልጄን ተቆጥቼው ነበር ከቤት የወጣሁት። ውስጤ ሲጮኽ እንዳልሰማ ሆኜ፣ ላትም የመጣሁት ስለ ይቅርታ የሚናገር ስብከት ነበር። ወረቀቱን ትቼ ስልኬን አነሣሁ። “ልጄ፣ ይቅር በለኝ” አልኩት። ወደ መድረኩ የወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ጌታ ሆይ፣ ከመቆማችን በፊት መርምረን። አሜን።