ለፊት ነው?

1
ሻሸመኔ፣ መናኸሪያው አካባቢ ያለ የኮስሞቲክስ ሱቅ። ክሎቤታሶል የሚባለው ቅባት ከሊፕስቲክና ከሂና ጎን ተደርድሯል። ለማድያት፣ ለብጉር፣ ፊት ለማጥራት ይገዛል። ሻጯ የሐኪም ወረቀት አትጠይቅም። የምትለው፣ «ለፊት ነው?» ነው።

2
ይኸው ቅባት ላይከን ስክለሮሰስ ለሚባለው የሴት ብልት የቆዳ ሕመም ዋናው መድኃኒት ነው። ቆዳው ይነጣል፣ ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል። ማታ ማታ ያሳክካል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሐኪም ሲያዝ በስሱ ነው፤ 30 ግራም ለሦስት ወር ይበቃል።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ፊትና ብሽሽት ላይ አይቀባ ይላል። ለፊት የሚገዙት ወረቀቱን ይጥሉታል። ሐኪም ያዘዘላት ሴት አንብባው መድኃኒቱን አቆመች።

3
አንዲት ሴት ለነርሷ «ማህፀኔን ያመኛል» አለች። ሆዷ በአልትራሳውንድ ታየ። ማህፀኗ ደህና ነው። የሚያሳክካትን ቦታ ማንም አላየም፤ እሷም አላሳየችም። የፈንገስ ቅባት ተሰጣት። ቤቷ የተጀመሩ ሁለት አሉ።

4
ጎረቤት የመከረቻት ዴቶል ነው። በታጠበች ቁጥር ይብስባታል። ስለባሰባት ደጋግማ ትታጠባለች።

5
ባል፦ «ትሸሸኛለች።» ሚስት፦ «ደክሞኝ ነው።»

በግንኙነት ጊዜ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ይደማል። ጠባሳው መግቢያውን ያጠብበዋል። ደሙን ባልም አይቷል። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የወሩን እኩሌታ ውጭ ያድራል። «ከየት አመጣሽው?» ብሎ የጠየቀው እሱ ነው።

6
በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በኦሮሚያ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 76 በመቶ ያህሉ የተገረዙ ናቸው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 565 ግርዛትን ይከለክላል። ሕመሙም በበኩሉ ትንንሾቹን ከንፈሮች ያሟሟል፣ ቂንጥርን ይሸፍናል። ሐኪሙ የጎደለውን አይቶ ምላጭ ይሁን በሽታ ለመለየት ይቸገራል። «ተገርዘሻል?» ሲላት አቀረቀረች። ያስገረዘቻት አክስቷ በሠርጓ ቀን ከፊት ነበረች የተቀመጠችው።

7
ሻሸመኔ ለቆዳ በሽታ እንግዳ አይደለችም። ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያከመው እዚህ ነው። እጅና ፊት ላይ ለሚታየው ሆስፒታል ተሠርቶለታል።

8
ላይከን ስክለሮሰስ ካልታከመ በጥቂቶቹ ላይ ወደ ብልት ካንሰር ይለወጣል። ሕመሙ የሚበዛው የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ነው። ቦታው ሊታይ የሚችልበት የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ግን በዋናነት የሚጠራው ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ነው። ወረፋ ላይ አንዲት እናት ዕድሜያቸውን ተጠየቁ። 58 አሉ። «እማማ፣ እርስዎን አይመለከትም» ተባሉ።