ዱብቲ ላይ ጨረቃ የቀላችበት ሌሊት

የአፋሯ ዱብቲ በሐምሌ ቤት ውስጥ አታስተኛም። ጀንበር ዘቅዘቅ ስትል አልጋው ወደ ግቢ ይወጣል፣ ምንጣፉ ይዘረጋል፣ ልጅ አዋቂው በጀርባው ተንጋሎ ነፋስ ይጠብቃል። የሥነ ፈለክ ክበቦች ሰዉን ከጣሪያ ሥር አውጥተው ቀና ለማስደረግ ብዙ ይደክማሉ፤ እዚያ ግን ሰዉ ክበብ ሳይኖረው ዕድሜውን ሁሉ ከሰማይ ሥር ያደረ ነው። ሐምሌ 20 ቀን 2010 ዓ.ም. ያየሁትን ለመናገር ይህን ማስቀደም አለብኝ።

ያን ጊዜ በከተማው የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ባልደረቦቼ ወደ ደጋ ሲወጡ እኔ የቀረሁት አንድ ጓደኛዬን ስጠብቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ከተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ጋር ከተማሪነቱ ጀምሮ የኖረ፣ የዕረፍት ቀኑን ለልጆች ቴሌስኮፕ ሲያስተካክል የሚያሳልፍ ሰው ነው። እንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ክረምት ሲገባ ግን ደመናው ይጋርዳቸዋል። የዚያ ዓርብ ግርዶሽ ደግሞ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በምድር ጥላ ውስጥ 1 ሰዓት ከ43 ደቂቃ የምትቆይበት፣ ከ21ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጨረቃ ግርዶሾች ሁሉ ረጅሙ ነበር። «ይህንንማ ለአዲስ አበባ ደመና አልተወውም» አለኝ በስልክ። 114 ሚሊ ሜትር መስታወት ያለውን ቴሌስኮፑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በአዋሽ፣ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወረደ። ወቅቱ ካርማ፣ የአፋር ዋናው የዝናብ ጊዜ ስለሆነ እኛም ዋስትና አልነበረንም። ሐሙስ ማታ በምሥራቅ በኩል ሲያጉረመርምና አቧራ ሲያስነሳ አመሸ። ዓርብ ግን ጠራ።

ማስታወቂያ አልለጠፍንም። አንድ ተማሪዬ ለገበያ መጥተው ሻይ ቤት ለተቀመጡ አርብቶ አደሮች ነገራቸው፤ የቀረውን ዳጉ፣ የአፋር የወሬ ልውውጥ ባህል፣ ሠራው። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቁጭ ብሎ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ግጦሽ የት እንዳለ፣ ማን እንደታመመ ይለዋወጣል። ከሁሉም በላይ የሚጠበቀው ወሬው በዓይን የታየ ነው ወይስ ከሌላ የተሰማ የሚለው ተለይቶ መነገሩ ነው። የሰማውን «አየሁ» ብሎ ያወራ ሰው ቃሉ ዋጋ ያጣል። ዓርብ አመሻሹ ላይ ከጥጥ እርሻው ባሻገር፣ የከተማው መብራት ከማይደርስበት ሜዳ ላይ ቴሌስኮፑን ስንተክል፣ ከአዋሽ ወንዝ ማዶ ሳይቀር የመጡ ሰዎች ቀድመውን ተቀምጠው አገኘናቸው። የባጃጅ ሾፌሮች ነበሩ፣ ከሎጊያ የመጡ የከባድ መኪና ረዳቶች ነበሩ፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች ነበሩ።

ጓደኛዬ ንግግር አላደረገም። ይህን ልማዱን እወድለታለሁ። አንዳንድ ክበቦች ሰዉን ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ከዚያም አልፎ በማብራሪያ ያደክሙታል፤ ዓይን ከጠገበ በኋላ ግን ጥያቄው ራሱ ይመጣል። በምዕራብ ቬነስ ደምቃ ነበርና እሷን አስቀደመ። በቴሌስኮፑ ስትታይ ግማሽ ገጿ ብቻ የበራ ስለነበር ያየው ሁሉ «ጨረቃ ናት» ይል ጀመር። ሙሉዋ ጨረቃ ግን በምሥራቅ ወጥታ ነበር፤ ሰዉ ወደዚያ ዞሮ አየ፣ ተመልሶ አየ። ከዚያ ጁፒተርና አራቱ ጨረቃዎቹ፣ ከዚያ ሳተርን። የሳተርን ቀለበት በዚያ ዓመት በሰፊው ተከፍቶ ይታይ ነበር። አንዲት እናት ዓይኗን ከሌንሱ ሳታነሳ ልጇን በእጇ ፈልጋ ሳበቻት፤ ልጅቷ በተራዋ አይታ በአፋርኛ አንድ ነገር ስትል ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ተማሪዬ ተረጎመልኝ፤ «ማን አሰረው?» ነው ያለችው።

በወጣትነታቸው ግመል እየነዱ ሌሊት ሲጓዙ የኖሩ አንድ አዛውንት ደግሞ ቴሌስኮፑን ጥቂት አይተው ትተውት ወደ ሰሜን ጠቆሙ። ዱብቲ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ በላይ ያን ያህል ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው። እሳቸው መንገዳቸውን በየትኛው ትከሻቸው በኩል ይዘውት እንደሚሄዱ ነገሩን። ዞር ብለው ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ሊጠልቅ የተቃረበውን የደቡብ መስቀል አሳዩ። አውሮፓ ያለ ሰው ሁለተኛውን፣ ደቡብ አውስትራሊያ ያለ ሰው የመጀመሪያውን ከአገሩ ሆኖ አያይም። ጓደኛዬ የሰማይ ካርታውን አጥፎ ኪሱ ከተተና አጠገባቸው ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ጠያቂው እሱ ነበር።

ማታ 3 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ላይ ጥላው የጨረቃን ጠርዝ ነካ። ጠርዙ ሲጎድል አንድ ወጣት «ክፉ ነገር ሊመጣ ነው ይባላል» አለ። መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት በሜዳው ዳር የነበሩት ሼህ ቀደሙኝ። የነቢዩ ልጅ ኢብራሂም በሞተ ቀን ፀሐይ ተጋርዳ ሰዉ «ለልጁ ሞት ነው» ሲል፣ ነቢዩ ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ፣ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ እንደሆኑ ማስተማራቸውን ተናገሩ። ቀጥሎ ወንዶቹ ከሰልፉ ወጥተው ለግርዶሽ ሶላት ቆሙ። ይህ ሶላት በእያንዳንዱ ረከዓ ሁለት ጊዜ የሚጎነበሱበት፣ ንባቡ የሚረዝም ነው። እኛ ቴሌስኮፑን ሸፍነን ጠበቅን። ስለ ሳይንስና ስለ ሃይማኖት ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ በዚያ ሜዳ ላይ ግን ሁለቱም አንዲት ጨረቃ ሲጠብቁ አየሁ።

4 ሰዓት ተኩል ላይ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ጥላው ውስጥ ገባች፤ ቀለሟ የከሰል ፍም ሆነ። የምድርን ከባቢ አየር ዘልቆ ጎብጦ የሚደርሳት ብርሃን ሰማያዊው ተበትኖ ቀዩ ብቻ ስለሚቀር ነው። ያልጠበቅሁት ግን ከዚያ ወዲያ የሆነው ነው። እስከዚያ ድረስ የጨረቃዋ ብርሃን የሸፈናቸው ከዋክብት ሁሉ ተመለሱ። ፍኖተ ሐሊብ ከደቡብ ተነስቶ በራሳችን ላይ ተዘረጋ። ከጨረቃዋ በታች ማርስ ራሷ ቀልታ ቆማለች፤ በዚያው ቀን ከፀሐይ በተቃራኒ ሆና፣ ከጥቂት ቀን በኋላም እስከ 57.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የምትቀርበን ነበረች። ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንዲያ ቀርባ አታውቅም።

ቴሌስኮፑን ወደ ማርስ ስናዞር ግን ብርቱካንማ ክብ እንጂ ሌላ ነገር አይታይባትም። ጓደኛዬ ምክንያቱን ተናገረ፤ ፕላኔቷን በሙሉ የሸፈነ የአቧራ ማዕበል ተነስቶባት ነበር። ኦፖርቹኒቲ የምትባለው የአሜሪካ ተሽከርካሪ መንኮራኩር በዚያው አቧራ ፀሐይ አጥታ ከሰኔ መጀመሪያ ጀምሮ ድምጿ ጠፍቶ ነበር። ተማሪዬ ይህን ሲተረጉም ሰልፈኛው እርስ በርሱ መነጋገር ጀመረ። አቧራው ስንት ቀን ይቆያል? ከየት አቅጣጫ ይነሳል? ዝናብ ይከተለዋል? አቧራ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቁ ሰዎች ጥያቄ ነበር፤ ስለ ማርስ ከዚያ የተሻለ ጥያቄ ክፍል ውስጥ ተጠይቄ አላውቅም።

ሌሊት 7 ሰዓት አልፎ ጥላው ጨረቃን ለቀቃት። በሳምንቱ ገበያ ላይ የማላውቀው ሰው አስቁሞኝ ስለ ሳተርን ቀለበት አጫወተኝ። እሱ አላየም፤ ያየችው የወንድሙ ሚስት እንደሆነች፣ በየትኛው ዓይኗ እንዳየች ሳይቀር ለይቶ ነገረኝ። ከአፉ የወጣው ሁሉ ትክክል ነበር።

አሁን ሐሳባችን ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ላይ ነው። በዚያ ቀን ፀሐይ ትጋረዳለች። ሙሉው ጥላ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን በኩል ወደ ሶማሊያ ጫፍ ያልፋል፤ አፋር ላይ ግርዶሹ ከፊል ቢሆንም ጨረቃ የፀሐይን ትልቅ ክፍል ትሸፍናለች። ያኔ ግን እንደዚያ ሌሊት በባዶ ዓይን ማየት አይቻልም። ለዚሁ የተሠራ የግርዶሽ መነጽር ያስፈልጋል፤ የቴሌስኮፑም የፀሐይ ማጣሪያ ዓይን በሚያርፍበት በኩል ሳይሆን በፊተኛው አፉ ላይ መታሰር አለበት። መነጽሩ አዲስ አበባ ደርሶ እንዳይቀር፣ ዱብቲ፣ አሳይታ፣ ሰመራና ሎጊያ ድረስ እንዲወርድ ጓደኛዬና እኔ ክበቦቹን ከአሁኑ እየወተወትን ነው። ማስጠንቀቂያውም በአፋርኛ፣ ከሳምንታት በፊት፣ በዳጉ መነሳት አለበት።