ከካፖርቱ ጋር የማይታሸገው

ወደ አሜሪካ ለትምህርት የሚሄድ ልጅ ሲሸኝ በርበሬው፣ ሽሮውና ወፍራም ካፖርቱ አይረሱም። የመማሪያ ክፍሉን ባህል የሚነግረው ግን ጥቂት ሰው ነው፤ ከባዱ ነገር ደግሞ እሱ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ መምህር ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው። እዚያ በብዙ ኮርሶች የክፍል ተሳትፎ ራሱ ነጥብ ስላለው ዝምታ እንዳለመዘጋጀት ሊቆጠር ይችላል። መምህሩ ለተማሪዎች ብሎ የመደበውን የቢሮ ሰዓት «ላስቸግረው አልፈልግም» ብሎ የሚያልፍ ተማሪ፣ በኋላ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰው ያጣል። ምንጭ ሳይጠቅሱ የሌላን ሰው ጽሑፍ መውሰድማ እስከ መባረር ያደርሳል።

«እዚያው ሲደርስ ይለምደዋል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ብዙዎች ይለምዳሉ። ነገር ግን አንድ ሴሚስተር 15 ሳምንት ገደማ ነው፤ እስኪለምድ ውጤቱ ተመዝግቦ ያልቃል፣ ስኮላርሺፑም ብዙ ጊዜ የሚቀጥለው በዚያ ውጤት ነው። «ባህሉን ይረሳል» የሚለው ስጋት ይበልጥ ይገባኛል፣ ከፍቅር የሚመጣ ነውና። ሆኖም በሰው ፊት ሐሳብን አቅርቦ መታረም ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የቅኔ ቤት ተማሪ የዘረፈውን ቅኔ ለመምህሩ አቅርቦ ይታረማል። እዚያ የተማሩ ታላላቆች ከጉዞው በፊት ልጁን ቁጭ አድርገው ለፕሮፌሰር ኢሜይል እንዴት እንደሚጻፍ፣ በውይይት መሐል እንዴት እንደሚገባ ቢያሳዩት ምንኛ ይቀለው ነበር።